የደህንነት ቦርዱን ወንበር ማን ይሰጣል? ስለ ማዕድን ደህንነት ተቆጣጣሪ ቦርድ አባላት አሿሿም

ጥቁር ድንጋይ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሬት በታች 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ጣሪያ ደጋፊ፣ ግማሹን የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ። ባለፈው ሳምንት ለሠራተኛ ማኅበራችን ደብዳቤ ደረሰ። የማዕድን ደህንነትን የሚቆጣጠር ቦርድ ሊቋቋም ስለሆነ ሁለት እጩዎች አቅርቡ ይላል። ደስ አለን። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥን፤ «የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለው እና በአመራር ቦታ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ።»

ይህን የሚያሟላ ሰው በማኅበራችን ውስጥ ስንፈልግ አንድ ብቻ አገኘን፤ የማኅበሩን ሒሳብ ሹም። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ጉድጓድ የገባው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ፎቶግራፍ ሊነሣ።

በሌላ በኩል ጣሪያውን በብረት ዘንግ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ «ከዚህ ውጡ» የሚል ሰው አለን። ጤነኛ ድንጋይ ሲመታ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከላዩ የተላቀቀ ከሆነ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ይህን ልዩነት በእንቅልፉም የሚያውቅ ሰው ነው፤ ትምህርቱን ግን ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የእጩ ቅጹ «የመጨረሻ የትምህርት ደረጃ» የሚል መስመር አለው። «ከመሬት በታች የሠራበት ዘመን» የሚል የለውም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ቦርድ አባላት እንዴት ይሾማሉ? ማን ያጫል፣ ማን ይሾማል፣ ማንስ ያነሣል? መልሳችንን እስከ ወሩ መጨረሻ መላክ አለብን።

የሕግ ደብተር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቦርዱ ምን ሊሠራ እንደሚቋቋም ደብዳቤውን መርምረው። «የደህንነት ቦርድ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ያማክራል፣ አንዱ ደንብ ያወጣል፣ ሌላው በተቆጣጣሪና በባለፈቃድ መካከል ዳኝነት ይሰጣል። ለሚያማክር ቦርድ ወገንን ወክሎ መቀመጥ ነውር የለበትም። ዳኝነት ለሚሰጥ ግን ወገንተኛ መሾም ፍርዱን አስቀድሞ መጻፍ ነው።

የዳኝነቱን ዓይነት በምሳሌ ላሳይህ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሜሪካ በ1977 ባወጣችው የማዕድን ደህንነትና ጤና ሕግ ራሱን የቻለ ኮሚሽን አቋቁማለች። አምስት አባላት አሉት። ፕሬዚዳንቱ ያቀርባቸዋል፣ ሴኔቱ ያጸድቃቸዋል፤ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። ሁሉም ግን በአንድ ቀን እንዳይወጡ ሲጀመር አንዱ ለሁለት ዓመት፣ ሁለቱ ለአራት፣ ሁለቱ ለስድስት ዓመት ነው የተሾሙት። ስለዚህ አንድ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዘ ማግስት አምስቱንም ወንበር በራሱ ሰዎች መሙላት አይችልም። ሕጉ አባልን ከቦታው ለማንሣት የሚያበቃው ምክንያትም ሦስት ነው ይላል፤ የብቃት ማነስ፣ ሥራን ቸል ማለትና በሥልጣን መባለግ። መመዘኛውን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቀው በሥልጠና፣ በትምህርት «ወይም» በልምድ ብቁ መሆንን ነው። «ወይም» የምትለውን ቃል አስምርባት፤ የእናንተ ደብዳቤ በእርሷ ቦታ «እና» ነው የከተተው።

ማስታወሻ ያዥ

የ1977ቱ ሕግ ከየት እንደመጣ ካልተነገረ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ማርች 9 ቀን 1976 በኬንታኪ ግዛት ስኮሺያ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሚቴን ፈንድቶ 15 ሠራተኞች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ውስጥ ከገቡት መካከል በሁለተኛ ፍንዳታ 11 ሰዎች አለቁ፤ ሦስቱ የፌዴራል መንግሥቱ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። ቁጥጥሩ ያን ጊዜ የተፈጥሮ ሀብትን በሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ሥር ነበር። እንግዲህ ምርት እንዲጨምር የሚፈልገውና ምርት እንዲቆም የሚያዘው ከአንድ ጣሪያ በታች፣ ለአንድ አለቃ ሪፖርት እያደረጉ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። አዲሱ ሕግ ቁጥጥሩን ነቅሎ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ወሰደው።

ስለዚህ «ማን ይሾማል» ከማለታችሁ በፊት ሿሚው ራሱ ምን እንደሚሸጥ ጠይቁ። ፈቃድ የሚሰጠውና ከማዕድን ገቢ የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት የደህንነት ቦርዱንም የሚሾም ከሆነ፣ የአባላቱ መልካምነት ብዙ ርቀት አይወስዳችሁም።

ጥቁር ድንጋይ

ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም የዚያው ፈቃድ የሚሰጠው ነው። እንዲያው ለማሳወቅ ያህል።

ሦስት እግር

የደቡብ አፍሪካውን መንገድ ልጨምር፤ ለጥያቄህ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። በ1996 የወጣው የማዕድን ጤናና ደህንነት ሕግ የሦስትዮሽ ምክር ቤት አቋቁሟል። አምስት አባላት ከባለንብረቶች፣ አምስት ከሠራተኞች፣ አራት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፤ አሥራ አምስተኛው ዋናው የማዕድን ተቆጣጣሪ ሲሆን ሰብሳቢነቱም የእሱ ነው። ሠራተኛው እዚያ የሚቀመጠው በደግ ሰው ግብዣ ሳይሆን ወንበሩ በሕግ ስለተቆጠረለት ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በዳኛ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን የአገሪቱን የማዕድን ደህንነት ሲመረምር ነበር። በ1995፣ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ቫል ሪፍስ በተባለው የወርቅ ማዕድን አንድ ሎኮሞቲቭ ወደ ጉድጓድ ወድቆ ሠራተኞች በሚወርዱበት አሳንሰር ላይ አረፈ። 104 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲያ «ሠራተኛው ስለ ደህንነት ምን ያውቃል» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው አልቀረም።

በዌስት ቨርጂኒያ ያለው የድንጋይ ከሰል ደህንነት ቦርድም የባለንብረቶችንና የማዕድን ሠራተኞችን ወገን በእኩል ቁጥር ያስቀምጣል። ገዥው ይሾማል፤ የሚሾመው ግን ወገኖቹ ራሳቸው ካቀረቡለት የስም ዝርዝር ነው። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ፊርማው የገዥው ቢሆንም ዝርዝሩን የጻፈው ሌላ ነው።

ተጠራጣሪው

ሦስትዮሽ፣ ሦስትዮሽ ትላላችሁ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። አምስት ለአምስት ሲሆኑ ልማዳቸው የታወቀ ነው፤ ይደራደራሉ። ደመወዝ ላይ መደራደር ጥሩ ነው። ሚቴን ግን አይደራደርም። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ የሚፈነዳ ጋዝ ነው፤ «ግማሽ መንገድ ላይ እንገናኝ» ቢሉት አይሰማም። የአሠሪው ተወካይ አንድ ነገር ይለቃል፣ የሠራተኛው ተወካይ በምላሹ ሌላ ነገር ይለቃል፤ ሁለቱም ተጨባብጠው ይወጣሉ። ከዚያ ማን ይሞታል?

ያው የአሜሪካው ሕግ ለአማካሪ ኮሚቴዎች ያስቀመጠውን እዩ። ከአባላቱ አብዛኞቹ በማዕድን ሥራ ምንም የገንዘብ ጥቅም የሌላቸው መሆን አለባቸው። ባለንብረትም፣ የማዕድን ሠራተኛም፣ የመንግሥት ተቀጣሪም መሆን አይችሉም። እኔ የምደግፈው እንደዚያ ያለውን ነው።

ሦስት እግር

ጥቅም የሌለው ሰው ከየት ይመጣል? ማዕድንን የሚያውቅ ሁሉ ከአንዱ ወገን እንጀራ በልቷል። ያልበላው ደግሞ አያውቀውም።

ተጠራጣሪው

ሐኪም አለ፤ ሳንባ በአቧራ ሲደርቅ የሚያየው እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ። የእሳት አደጋ ባለሙያ አለ። ለነገሩ የሞተ ሰው ቤተሰብስ አለ አይደል? ማንም አይጠራውም እንጂ።

ንፋስ መንገድ

የማዕድን አየር ማናፈሻ ኢንጂነር ነኝ። ጋሼ ጥቁር ድንጋይ፣ ያቀረቡት ሰው ዲግሪ የለውም ተብሎ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ሌላውን ጫፍም አልወደውም። አንድ የአየር ፍሰት ስሌት ቀርቦ «ይህ ይበቃል» ሲባል፣ ቁጥሩን መርምሮ «አይበቃም» የሚል ሰው ከአባላቱ መካከል ከሌለ ቦርዱ በቀላሉ ይታለላል። ሁለቱም ዓይነት ዕውቀት ያስፈልጋል።

ይሁንና ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ ነበር። የስብሰባው ሰነድ 200 ገጽ ያህል ነበር፤ የደረሰን በዋዜማው ምሽት ነው። የባለንብረቶች ተወካይ ሦስት ረዳቶች ይዞ መጣ። ሰነዱ በየገጹ በቀለም ተለይቶ ምልክት ተደርጎበት ነበር። የሠራተኞቹ ተወካይ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነው የመጣው። ፊቱን ታጥቧል፤ የዓይኖቹ ሽፋሽፍት ግን ገና ጥቁር ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ እያዳፋው ራሱን በእጁ ሲደግፍ አየሁት። ያን ቀን ሦስት ውሳኔዎች «በሙሉ ድምፅ» ጸደቁ። ቃለ ጉባኤው እንዲያ ነው የሚለው፤ ሐሰትም አይደለም።

ስለዚህ እጩ ስትልኩ አብራችሁ ጠይቁ። በስብሰባው ቀን ከፈረቃ ነፃ ይሆናል ወይ? ደመወዙ ይቆረጣል ወይ? ሰነዱ ከስንት ቀን በፊት ይደርሰዋል? ባለሙያ ለማማከር ገንዘብ አለው ወይ? እነዚህ በሹመት ደብዳቤው ላይ ካልተጻፉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬው ሳይሆን ኮቱ ነው።

ጥቁር ድንጋይ

እህቴ፣ የዓይን ሽፋሽፍቱን ስትጠቅሺ ሰውዬውን የማውቀው መሰለኝ። እኔም እንደዚያ ሆኜ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። አራቱን ጥያቄዎች እንዳሉ እወስዳቸዋለሁ።

የሕግ ደብተር

ስለ ባዶ ወንበር ማንም አላነሣም፤ ልክ እንደ ተሞላው ወንበር አደገኛ ነው። ያ የአሜሪካ ኮሚሽን አንድን ጉዳይ ለማየት ቢያንስ የሁለት አባላት ድምፅ ያስፈልገዋል። በቅርብ ዓመታት ተተኪ ሳይሾም አባላት እየወጡ፣ ምልዓተ ጉባኤ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ያኔ ምን ይሆናል? በሕጉ መሠረት የሥር ዳኛው ውሳኔ በ40 ቀን ውስጥ ኮሚሽኑ ካልጠራው የመጨረሻ ውሳኔ ይሆናል። ይግባኝ ያለው ወገን መዝገቡን ይዞ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጠበቃ ያለው ይሄዳል ማለቴ ነው።

ይህን ያነሣሁት ቦርድን ለማክሸፍ መጥፎ ሰው መሾም የግድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ጭራሹን አለመሾምም ይበቃል። ደንቡ ላይ «ወንበር በተለቀቀ በዚህን ያህል ቀን ይሞላል፤ ሿሚው ካልሾመ ያጨው ወገን ያቀረበው ሰው ይቀመጣል» የሚል አንቀጽ ቢኖር ሿሚው መዘግየት አያዋጣውም።

ጠጠር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ለእንዲህ ያለ ቦርድ ነው። ዛሬ ተቆጣጣሪ፣ ነገ የኩባንያ አማካሪ። ከኩባንያ የመጣ ሁሉ አይግባ፤ ነገሩ ያልቃል።

ማስታወሻ ያዥ

አያልቅም። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የአሜሪካን የማዕድን ደህንነት አስተዳደር የሚመራው ሰውም በፕሬዚዳንት ተሹሞ በሴኔት ይጸድቃል። ከ2009 ጀምሮ እስከ 2017 መጀመሪያ የመሩት ጆ ሜይን በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የደህንነት ክፍል ኃላፊ የነበሩ ናቸው። በዚያው በ2017 መጨረሻ በቦታቸው የተተኩት ዴቪድ ዛቴዛሎ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። ወንበሩ አንድ፣ ሕጉ አንድ፤ የመጡበት በር ግን ተቃራኒ። ሹመቱ ላይ ትልቅ ክርክር ነበር። ክርክሩ ግን በአደባባይ ነበር። እጩው ሴኔት ፊት ቀርቦ ስለ ቀድሞ ሥራው ተጠይቋል፤ የፈለገ ሁሉ አይቷል። እኔ ከኩባንያ መምጣቱን ሳይሆን በጓሮ በር መግባቱን ነው የምፈራው። የተደበቀው የት እንደተደበቀ የሚያውቅ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ አንዳንዴ ጥሩ ተቆጣጣሪ ይወጣዋል። ከሹመት በኋላ ወደ ኩባንያ እንዳይመለስ የጊዜ ገደብ ይኑር ካልክ ግን አብሬህ ነኝ።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ስትከራከሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ተቆጣጣሪ ሆኜ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በአንድ የደህንነት ኮሚቴ ውስጥ ተሾምኩ። የሹመት ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ አለኝ። ሦስት መስመር ነው። ስሜ፣ የኮሚቴው ስም፣ «ለአንድ ዓመት፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሚታደስ»። ያኔ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን አላስተዋልኩትም።

በዘጠነኛው ወር አንድ ማውጫ ልናይ ሄድን። የንፋስ መመለሻው መንገድ በወደቀ ድንጋይ ተሞልቶ ሰው በሆዱ ተስቦ ነበር የሚያልፍበት። የመብራቱ ጨረር ላይ አቧራው ቆሞ ይታይ ነበር፤ አይንቀሳቀስም። አየር ቢኖር ይንቀሳቀስ ነበር። እስኪጠገን ይዘጋ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም ስልክ አልደወለልኝም። ዓመቱ ሲሞላ ደብዳቤው አልታደሰም፣ በቃ። መሻር እንኳን አላስፈለጋቸውም። ከእኔ ጋር የነበሩት ሁለቱ ታደሰላቸው፤ ለምን እኔ እንዳልታደሰልኝ ግን ሳይነገራቸው ገብቷቸዋል።

የሕግ ደብተር፣ ልጄ፣ ስለ ስድስት ዓመቱና ስለ ሦስቱ የመነሻ ምክንያቶች የጻፍከውን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ። ሰዉ ሁሉ የሚከራከረው በማን ይግባ ነው። ሰውን የሚያስፈራው ግን አወጣጡ ነው።

ሦስት እግር

አባቴ፣ እናመሰግናለን። አቧራው ቆሞ የሚለው ከዓይኔ አልጠፋም።

ተጠራጣሪው

ጡረተኛው የጻፉት አሳምኖኛል ማለት ይከብደኛል፤ ግን ሐሳቤን ላስተካክል። ገለልተኛ ሰውም ቢሆን ለአንድ ዓመት ከተሾመ ገለልተኛ ሆኖ አይቆይም። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ሌላው፣ ቦርድ ብቻውን ምን ያደርጋል? በኒውዚላንድ ኖቬምበር 19 ቀን 2010 ፓይክ ሪቨር በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፍንዳታ ደርሶ 29 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ የአገሪቱን ማዕድን ማውጫዎች በሙሉ የሚያዩት ተቆጣጣሪዎች ሁለት ነበሩ። ሁለት ሰው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ በ2012 ለደህንነት ብቻ የቆመና በቦርድ የሚመራ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አሳሰበ፤ በ2013 መጨረሻ ተቋቋመ። እናንተም ወንበሩን ስትቆጥሩ ጉድጓድ የሚወርዱትን ተቆጣጣሪዎችም ቁጠሩ።

ማስታወሻ ያዥ

ለጥቁር ድንጋይ አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። «ያልተማረ ሠራተኛ እንዴት ደህንነት ይመረምራል» ለሚሉህ፣ እንግሊዝ በ1872 ባወጣችው የድንጋይ ከሰል ሕግ ሠራተኞች ከመካከላቸው አንድ ወይም ሁለት ሰው መርጠው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ማውጫውን እንዲያስመረምሩ ፈቅዳ ነበር በላቸው። በራሳቸው ወጪ ነበር፤ ያ ደግሞ የጌቶቹ ቸርነት ልክ ነው። በእኛ ዘመን የዓለም የሥራ ድርጅት በ1995 ያጸደቀው 176ኛው ስምምነት ሠራተኞች የደህንነት ተወካዮቻቸውን በጋራ የመምረጥ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ያ በማውጫው ደረጃ ላለ ተወካይ ነው፤ ስለ አገር አቀፍ ቦርድ አያወራም፤ እንዳታምታታው። ግን መርሁን መጥቀስ ትችላለህ። ዲግሪ ይኑራቸው የሚል ቃልም የለበትም።

ጥቁር ድንጋይ

ትናንት ማታ ማኅበሩ ተሰበሰበ። የጻፋችሁትን አትሜ ወስጄ ነበር። ጭቅጭቁ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ፤ ሒሳብ ሹሙ ራሱ «እኔን አትላኩኝ» አለ። በመጨረሻ ሁለት ስም ላክን። አንዷ ከእኛ ጋር የምትሠራ የጂኦሎጂ ባለሙያ ናት፤ ዲግሪውም አመራሩም አላት። ሁለተኛው ያ ዘንግ ይዞ ጣሪያ የሚያዳምጠው ሰው ነው። በትምህርት መስመሩ ላይ «ስምንተኛ ክፍል» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ፤ ከጎኑ በኅዳጉ ላይ እኔ «ከመሬት በታች 31 ዓመት» ብዬ ጨመርኩበት። ይመልሱት ይሆናል። ይመልሱት፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እንጠይቃለን።

ከቅጹ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ አያይዘናል። የእህቴ የንፋስ መንገድ አራት ጥያቄዎች፣ የባዶ ወንበሩ አንቀጽ፣ «እና» የሚለው በ«ወይም» እንዲተካ፣ ሿሚው ፈቃድ ሰጪው እንዳይሆን።

ጡረተኛው

ጎበዝ። ልጄ፣ የሥራ ዘመኑስ? ደብዳቤው ስንት ዓመት ይላል?

ጥቁር ድንጋይ

አንዴ ይጠብቁኝ፣ ላውጣው።

ጥቁር ድንጋይ

ሁለቱንም ገጽ አየሁት፤ ጀርባውንም ገለበጥኩት። አይልም።